ፍኖት፣ መጋቢና ጓያ፦ ስለ ሥነ ሕይወት የጋራ መዝገብና ስለ ስያሜው

1. መነሻ

ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚጓዝ ሰው በመካከሉ ማንኩሳን ያገኛል። ማንኩሳ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ላነበበ ሁሉ የበዛብህ የትውልድ አገር ናት፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስሟ ጎጃምን ረግጦ ለማያውቅ አንባቢ ጭምር የታወቀ ሆኗል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንነሣው ከልቦለዱ ሳይሆን ከመንገዱ መድረሻ ስም ነው። «ፍኖት» ግእዝ ነው፤ መንገድ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የአውቶቡሱ ረዳት መናኸሪያ ቆሞ «ፍኖተ ሰላም! ፍኖተ ሰላም!» እያለ ሲጣራ ትርጉሙን ፍለጋ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ተሳፋሪ የለም። ቃሉ በአገር ስም ውስጥ ተጠልሎ ከሕዝቡ አፍ ሳይወጣ ኖሯል ማለት ነው።

ይህን ቃል እንድናነሣ ያደረገን የሥነ ሕይወት ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሁሉ የሚገጥመው አንድ የስያሜ ችግር ነው። በሕያው ሴል ውስጥ አንዱ ውህድ ወደ ሌላ፣ ያም ወደ ሦስተኛ እየተለወጠ፣ እያንዳንዱንም ለውጥ የራሱ ኤንዛይም እያፋጠነው የሚሄድበት ቅደም ተከተል አለ። የውጭዎቹ ሊቃውንት ይህን ቅደም ተከተል በእግር መንገድ መስለው ይጠሩታል። ዛሬ ይህ ነገር በመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ የዓለም ተመራማሪዎች እያዋጡ፣ እያረሙና እየመሰከሩ በጋራ የመረጃ ቋት የሚያኖሩት ሀብት ሆኗል። የመዝገቡን አሠራር ስንመረምር ደግሞ ከመዝገበ ቃላት ሥራ ጋር እጅግ የተቀራረበ ሆኖ እናገኘዋለን።

ስለዚህ በቅድሚያ የእነዚህን መዛግብት ታሪክ በአጭሩ እናወሳለን። ቀጥለን አገራችንን በቀጥታ በሚነካ አንድ ምሳሌ፣ ይኸውም በጓያ መርዝ ታሪክ፣ ስያሜ ምን ያህል የሰው ጤና ጉዳይ እንደሆነ እናሳያለን። በመጨረሻም ለአማርኛው ስያሜ የበኩላችንን ሐሳብ እናቀርባለን።

2. ከግድግዳ ሥዕል ወደ ጋራ መዝገብ

የሕይወትን ኬሚካዊ ለውጦች በሰንሰለት የማየቱ ልማድ በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ተጠናከረ። ስኳር በሴል ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚፈርስበት ቅደም ተከተል ከኤምብደን፣ ከማየርሆፍና ከፓርናስ ስም ጋር ተያይዞ ይጠራል። ሃንስ ክሬብስ ከኩርት ሄንሰላይት ጋር እ.ኤ.አ. በ1932 የዩሪያን ዑደት፣ በ1937 ደግሞ በሼፊልድ ሳለ የሲትሪክ አሲድን ዑደት ገለጠ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ግኝት በየመጽሔቱ የተበታተነ ነበር፤ አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው የአንባቢው ጭንቅላት ብቻ ነበር።

ይህን የተበታተነ ዕውቀት በአንድ ገጽ ለማሰባሰብ ከሞከሩት መካከል በእንግሊዝ አገር በሊድስ ያስተምር የነበረው ዶናልድ ኒኮልሰን ይገኛል። የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1955 አዘጋጀ። በ1960ዎቹ ደግሞ በጀርመን አገር ጌርሃርድ ሚሻል ያሰናዳው ትልቅ የግድግዳ ሥዕል በዓለም ቤተ ሙከራዎች ተሰቀለ። እነዚህ ሥዕሎች ታላቅ አገልግሎት ቢሰጡም የታተመ ነገር ሁሉ ያለበት ጉድለት ነበረባቸው። ስሕተት ቢገኝ የሚታረመው በሚቀጥለው እትም ነው። አንዱ ቀስት በየትኛው ጥናት እንደተረጋገጠ አንባቢው ከሥዕሉ ላይ ሊያውቅ አይችልም። ከሁሉም በላይ ሥዕሉን አይን እንጂ ኮምፒዩተር ሊያነበው አይችልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓን በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ በሚኖሩ ካነሂሳ መሪነት «ኬግ» የተባለው የመረጃ ቋት ተጀመረ፤ የሥዕሉን እያንዳንዱን ውህድና ኤንዛይም ከመለያ ቁጥር ጋር አቆራኘ። ከዚያ በኋላ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስለ ሰው ሴል የሚመዘግበው «ሪአክቶም» የሦስት ሰዎችን ድርሻ የለየ አሠራር አቋቋመ፦ የዘርፉ ሊቅ ይጽፋል፣ የመዝገቡ ሠራተኛ በመዝገቡ ሥርዓት ያሰፍራል፣ ሌላ ሊቅ ደግሞ ገምግሞ ያጸድቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 በኔዘርላንድ ማስትሪክትና በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ያሉ ተመራማሪዎች ያስተዋወቁት «ዊኪፓዝዌይስ» በሩን ይበልጥ ከፈተው። የተመዘገበ ተጠቃሚ ሁሉ ሥዕል ሊያዋጣና የሌላውን ሊያርም ተፈቀደለት፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ግን ተመዝግቦ ይቀራል።

አንድ ሰው ለእንዲህ ያለ መዝገብ ሲያዋጣ የሚያቀርበው ሥዕል ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ውህድ፣ ጅንና ኤንዛይም በስም ብቻ ሳይሆን በታወቀ መለያ መጠቀስ አለበት። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቀስት ምን ዓይነት ግንኙነት እንደሚያመለክት መለየት አለበት፤ ለወጠ፣ አፋጠነ፣ አገደ የሚባሉት ሦስቱም የተለያየ ምልክት አላቸው። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ አባባል የታተመ ማስረጃ ይጠቀሳል። አራተኛ፣ ነገሩ በየትኛው ፍጡር እንደታየ ይገለጻል፤ በአይጥ የታየው በሰው እንደታየ ተደርጎ አይጻፍም። አምስተኛ፣ የአዋጪውና የአራሚው ስም ከዘመኑ ጋር ይሰፍራል።

የቋንቋ ባለሙያ ይህን ሲያነብ የገዛ ካርዱን የሚያይ ይመስለዋል። ውህዶቹ ስሞች ናቸው፤ ቀስቶቹ ግሦች ናቸው፤ ማስረጃው የአውድ ጥቅስ ነው፤ የፍጡሩ ስም ቃሉ የተነገረበት አገር ነው። በብዙ እጅ ተሠርቶ በአንድ ሥርዓት የሚታረም መዝገብም ለእኛ እንግዳ አይደለም። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ተጀምሮ፣ በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክሞበት፣ በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ እጅ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት መብቃቱን እናስታውሳለን። አንዱ የጀመረውን ሌላው ሳያፈርስ የሚያርምበት፣ የቀደመውንም ስም የማይሰርዝበት ሥርዓት ከኮምፒዩተር በፊት ነበረ።

3. ጓያ

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንለፍ። ጓያ የጥራጥሬ ዘር ነው፤ በሕንድ ኬሳሪ ይባላል። ድርቅንም ውኃ የሚያቁር ጥቁር አፈርንም ስለሚችል ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ተዘርቶ ይበቅላል። ሌላው እህል በከዳ ዓመት የማይከዳው እርሱ ነው። መከራውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በችጋር ጊዜ ለወራት ያህል ዋና ምግባቸው ጓያ ብቻ የሆነባቸው ሰዎች ከወገብ በታች ይሰናከላሉ፤ እግራቸው ይገተራል፤ ሽባነቱም አይመለስም። በይበልጥ የሚጠቃው ወጣቱ ወንድ፣ ማለትም የሚያርሰው ነው።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 በደምቢያና በፎገራ የደረሰው ወረርሽኝ በ1978 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ከዚያ በኋላ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በማዕከላዊና በሰሜን ምዕራብ ደጋ በሽታውን በሰፊው አጠኑ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በወሎ በደላንታ ዳውንት ሌላ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ይህንንም ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ከቤልጅጉ ተመራማሪ ከፈርናንድ ላምቤን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም አስታወቁ።

መርዙ ራሱ የታወቀው በሕንድ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በባንጋሎር ራኦ፣ አዲጋና ሳርማ የተባሉ ተመራማሪዎች ከጓያ ፍሬ አንድ አሚኖ አሲድ ለዩ፤ በአጭሩ «ኦዳፕ» ይባላል። በነርቭ ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርሰውን ግሉታሜትን ስለሚመስል፣ የነርቩ ሴል እንደ እውነተኛ ልኡክ ይቀበለዋል፤ ሳያቋርጥ በመነሣሣቱም ይጎዳል። እንግዲህ ጓያ ይህን መርዝ እንዴት ይሠራዋል የሚለው ጥያቄ ግማሽ መቶ ዓመት ያህል ፈጀ። በ1970 ሳርማና ባልደረቦቹ የመጨረሻውን ደረጃ ጠቆሙ፦ ዳያሚኖፕሮፒዮኒክ አሲድ ከኦክሳሊል ኮኤንዛይም ኤ ጋር ተገናኝቶ ኦዳፕ ይሆናል። የላምቤን ቡድን ከዚያ በፊት ያለውን የቀለበት ቅርጽ ያለው መካከለኛ ውህድ ገለጠ። ይህን የመጨረሻ ደረጃ የሚያፋጥነው ኤንዛይም ግን ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ በ2023 ደግሞ በእንግሊዝ የጆን ኢንስ ማዕከል ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር የጓያን ሙሉ ጅኖም አውጥተው፣ ኦክሳሊል ኮኤንዛይም ኤን የሚሠራው ኤንዛይምና ኦዳፕን የሚሠራው ኤንዛይም ተያይዘው እንደሚሠሩ አሳዩ።

ይህ ሰንሰለት በጋራ መዝገብ የሚሰፍርበትን ጥቅም መገመት አያዳግትም። መርዝ የሌለው ጓያ ለማዳቀል የሚሻ ተመራማሪ የትኛውን ጅን ቢያሰናክል የትኛው ደረጃ እንደሚቆም በአንድ ገጽ ያያል። ዳሩ ግን ከዚህ በፊት መፈታት ያለበት የስም ጉዳይ አለ።

4. አንድ ውህድ፣ ሦስት ስም

ኦዳፕ በአንዳንድ ጽሑፍ «ቦአ» ተብሎ ይጠራል፤ ምክንያቱም ያንኑ ውህድ ከአላኒን ተነሥቶ መሰየም ይቻላል። በሌላ በኩል የቻይና መድኃኒት ተመራማሪዎች ከጂንሰንግ ወገን በሆነ ሥር ውስጥ ደም የሚያቆም ውህድ አግኝተው «ዴንሲሺን» አሉት። ሦስቱም አንድ ነገር ናቸው። በስም ብቻ ለሚፈልግ አንባቢ ግን አንዱ የሽባነት መርዝ፣ አንዱ የቁስል መድኃኒት ነው፤ ሁለቱ ጽሑፎች ላይገናኙ ይችላሉ። ጥንቁቅ መዝገብ ለውህዱ አንድ መለያ ይሰጥና ሦስቱን ስሞች በሥሩ ያሰፍራቸዋል። መርዝም ሆነ መድኃኒት የሚያደርገው መጠኑና ተቀባዩ እንጂ ስሙ አለመሆኑ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

እኛ በመዝገበ ቃላት ሥራ «ተመሳሳይ» እና «ዲቃላ ፍች» እያልን የምንለየው ነገር እዚህ የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ይመጣል። ስለ ዕፀዋት ስም የተደረገው ሥራም ለዚህ አብነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ዝግጅት ብዙ ደራሲያንን ያሳተፈ ሲሆን፣ ከላቲኑ ስም ጎን የአገሬውን ስም አስፍሯል። ወልደ ሚካኤል ቀለቻም ያሰባሰቡት የዕፀዋት ስያሜ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1987 ለአራተኛ ጊዜ ታትሟል። አራሹ «ጓያ» ያለውንና ሊቁ «ላቲረስ ሳቲቨስ» ያለውን የሚያገናኝ ድልድይ ባይኖር፣ የሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ማሳው ድረስ ባልደረሰም ነበር።

5. ፍኖቱ የሚያበቃው የት ነው?

በመዝገቡ ሥዕል ላይ የመጨረሻው ቀስት ኦዳፕ ላይ ያርፋል። በሰው ሕይወት ግን እዚያ አያበቃም፤ ፍሬው ገና ወደ ማጀት ይገባል። ትኩረታችንን የሳበውም ይህ ነው። ዶክተር ኃይለየሱስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ አደጋው በአበሳሰሉ እንደሚለያይ አሳይተዋል። ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎና በእሸትነቱ የበሉት የበለጠ ተጠቅተዋል፤ በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ የበሉት ግን ያን ያህል ተጨማሪ አደጋ አልታየባቸውም። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀሉና ወጡን በሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በመሳሰለው ቅመም መሥራቱም አደጋውን ይቀንሳል።

ይህ ጥናት በዓለም የታወቀው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው ንፍሮን «የተቀቀለ»፣ ቆሎን «የተጠበሰ»፣ እሸትን «ያልበሰለ ጥሬ» ይለዋል። አሁን አንድ ተርጓሚ ይህንኑ ለገበሬው ምክር እንዲሆን ወደ አማርኛ ይመልስ እንበል። «የተቀቀለ ጓያ አትብሉ» ቢል፣ ክክ ቀቅላ ወጥ የምትሠራ እመቤት ወጡን የተከለከለች ይመስላታል፤ የሚያድናትን ትታ የሚጎዳትን ልትይዝ ትችላለች። «የተጠበሰ» ቢል፣ ቆሎ እንደሚቆላ እንጂ እንደማይጠበስ የሚያውቅ ገበሬ ስለ ሌላ ምግብ የተነገረ ያስመስልበታል። ወጡን በእንግሊዝኛ የሚጠሩበትን ቃል ይዞ «መረቅ» ብሎ ቢመልሰው ደግሞ ሥጋ የተቀቀለበት ውኃ ይሆንበታል። አሹቅንማ ከነጭራሹ የሚገልጽበት ነጠላ ቃል የለውም፤ ሆኖም ኦዳፕ በውኃ የሚሟሟ እንደመሆኑ፣ ፍሬው መዘፍዘፍ አለመዘፍዘፉ፣ ውኃውም መደፋት አለመደፋቱ ለጤና ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

በማንኩሳም ሆነ በቡሬ ገበያ የሚውል ሰው ንፍሮን ከቅቅል፣ ቆሎን ከአሹቅ፣ እሸትን ከጥሬ ለመለየት አስተማሪ አያሻውም። ቋንቋው ልዩነቱን ከሳይንሱ አስቀድሞ ይዞታል። ሳይንሱ በጥናት ያረጋገጠው፣ ባለማጀቷ በስም የለየችው ልዩነት በእርግጥም ልዩነት መሆኑን ነው። እንግዲህ የምግብ ስሞቻችን ከነአሠራራቸው በትክክል ተመዝግበው፣ ከዕፁ መለያና ከውህዱ መለያ ጋር ካልተቆራኙ፣ በጋራ መዝገቡ ውስጥ የእኛ ድርሻ ስም የለሽ ዘርና ስም የለሽ ሕመምተኛ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዕፀዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል የአገሩን ዘር እየሰበሰበ ሲያኖር ዘሩ የተገኘበትን ቦታና የአገሬውን ስም አብሮ መመዝገብ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዘሩ ከስሙ ከተለየ ግማሽ ዕውቀቱ ይጠፋል።

6. ስለ ስያሜው

ከዚህ በላይ ለገለጽነው ቅደም ተከተል በአማርኛ ማን ስም ይሁን? በእጃችን ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ እንመልከት።

«ሂደት» በጣም ሰፊ ነው፤ የሚሆነውን ሁሉ ሂደት ልንለው እንችላለን። «ዑደት» ትክክል የሚሆነው መጨረሻው ወደ መነሻው ለሚመለስ ብቻ ነው፤ የክሬብስ ዑደት ዑደት ነው፣ የኦዳፕ ግን አይደለም። «መስመር» ቅርንጫፍ የሌለው ቀጥታ ነገር ያስመስላል፤ በሴል ውስጥ ደግሞ መገንጠያና መገናኛ ይበዛል። «መንገድ» ከሁሉ የቀለለ ነው፤ ነገር ግን የዕለት ተዕለት ሥራው ስለበዛበት ስያሜነቱ አይለይም፤ «በዚህ መንገድ ይሠራል» ስንል ዘዴ ማለታችን ነው። ከዚህም ሌላ በቅኔ ቤት «የቅኔ መንገድ» ተብሎ ለሙያ ስያሜነት ከዋለ ቆይቷል፤ ዋሸራና ጎንጅን ባፈራ ምድር ይህን መዘንጋት አይገባም።

«ፍኖት» ይቀራል። በእኛ ግምት ሦስት ብቃቶች አሉት። አንደኛ፣ ለስያሜ ፈጠራ የተፈተነ ነው፤ «ፍኖተ ሐሊብ» በሥነ ፈለክ፣ «ፍኖተ ካርታ» በዕቅድ ሥራ ተለምደዋል። ሁለተኛ፣ በተናጋሪው ዘንድ እንደ ፍኖተ ሰላም ባለ የአገር ስም ስለሚታወቅ ባዕድ አይሆንም። ሦስተኛውና ዋነኛው ከሥሩ የሚገኝ ነው፤ ፍኖት የወጣው «ፈነወ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው፣ ፈነወ ማለት ላከ ማለት ነው። በሴል ውስጥ ካሉት ቅደም ተከተሎች ከፊሎቹ ውህድ የሚሠሩና የሚያፈርሱ ሲሆኑ፣ ከፊሎቹ ግን መልእክት የሚያደርሱ ናቸው። ፍኖት መሄጃንም መላኪያንም በአንድ ሥር ስለያዘ ለሁለቱም ይስማማል። ስለዚህ «የግንባታ ፍኖት»፣ «የፍርሰት ፍኖት»፣ «የመልእክት ፍኖት» ማለት ይቻላል። ብዙ ቁጥሩንም «ፍናዋት» ብሎ አንባቢውን ከማስቸገር «ፍኖቶች» ማለቱ ይሻላል።

«ፍኖተ ሕይወት» የሚለው ጥምረት ግን አማረ ተብሎ እንዳይወሰድ እናሳስባለን፤ በመንፈሳዊ ጽሑፍ የራሱ ፍች ስላለው፣ አንባቢውን ወደ ሌላ ነገር ይወስደዋል። «ሥነ ሕይወታዊ ፍኖት» ቢረዝምም አያሳስትም።

መዝገቡን ለሚያርመውና ለሚጠብቀው ባለሙያ ደግሞ «መጋቢ» የሚለውን እናቀርባለን። በግእዝ መገበ ማለት አስተዳደረ፣ በኃላፊነት ጠበቀ ማለት ነው፤ በአማርኛ አበላ ማለት ሆኗል። ይህ ድርብነት ለሌላ ሥራ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ግን በልኩ የተሰፋ ነው፤ የመዝገቡ ሠራተኛ መዝገቡን ይመግባልም፣ ይጠብቃልም። ዕውቀቱን ለሚሰጠው «አበርካች»፣ ለሚያጸድቀው «ገምጋሚ»፣ ለቁጥሩ «መለያ»፣ ለአስረጂው ጽሑፍ «ማስረጃ» ብንል ከለመድነው ሳንርቅ ሥርዓቱን ልንገልጸው እንችላለን። ኤንዛይም፣ ጅንና ኦዳፕ ግን እንደመጡ ቢጻፉ እንመርጣለን፤ ዓለም በአንድ ስም የተስማማበትን ነገር ሌላ ስም ማውጣት አራተኛ «ዴንሲሺን» መጨመር ነውና።

7. መደምደሚያ

የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሆኖ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ሲያሰናዳ፣ ሥራው በይበልጥ የውጭውን ቃል ተቀብሎ የአማርኛ አቻ መፈለግ ነበር። ያ ሥራ ዛሬም አስፈላጊ ነው። የጓያ ታሪክ የሚያስተምረን ግን መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ መሄጃ መሆኑን ነው። የውጭው ስያሜ ወደ እኛ እንደሚመጣ ሁሉ፣ ንፍሮና አሹቅ፣ እሸትና ቂጣ ከነትርጓሜያቸውና ከነማስረጃቸው ወደ ጋራው መዝገብ መሄድ አለባቸው። ይህንንም የሚያደርገው የኬሚስትሪ ሊቁ ብቻ አይደለም፤ ስምን ከፍች፣ ፍችን ከአውድ ማገናኘት የቋንቋ ባለሙያው ሙያ ነው።

በአገራችን የፊት የፊቱን ብቻ የሚያየውን ሰው «እንደ ጓያ ነቃይ» እያሉ ይነቅፉታል። ተርጓሚም ከፊቱ ያለውን ቃል ብቻ እየነቀለ ቢሄድ፣ በስተኋላው ምን እንደተወ አያይም። አንድ ቃል ከመተርጎማችን በፊት ከየት እንደተላከና ማን ዘንድ እንደሚደርስ ብንጠይቅ፣ ቃሉን በእርግጥ ፍኖቱን አስይዘነዋል ማለት ነው።